የፈረስ አፍንጫና ከንፈር ሲቆስል

ፈረስ የቤት ባለውለታ ነው። እህል ወደ ወፍጮ ቤት ያደርሳል። በገበያ ቀን ሸክማችንን ይሸከማል። የታመመ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሳል። በሠርግ ሙሽራውን፣ በለቅሶ ዘመድን ይዞ ይሄዳል። በከተማም ጋሪ ጎትቶ ቤተሰብ ያስተዳድራል። በአገራችን ሁለት ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው፣ ፈረስ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከበር ያውቃል።

አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ፈረስ የሚያደርሰው ሲበላ፣ ሲጠጣና ሲተነፍስ ነው። የሚበላውና የሚጠጣው በከንፈሩ ነው። የሚተነፍሰው ደግሞ በአፍንጫው ብቻ ነው። ስለዚህ አፍንጫውና ከንፈሩ ሲቆስል ነገሩ ትንሽ አይደለም። ብዙዎቻችን ግን «ይሄማ ልጓም ፋቀው፣ ይድናል» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ በእርግጥ ይድናል። አንዳንዱ ግን መንደሩን ሙሉ የሚያዳርስ በሽታ መነሻ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ ለሰው ሕይወት ያሰጋል።

በዚህ ጽሑፍ አራት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛ፣ ቁስሉን እንዴት እንደምንመረምር። ሁለተኛ፣ ከየት እንደመጣ እንዴት እንደምንለይ። ሦስተኛ፣ በቤት ምን እንደምናደርግ። አራተኛ፣ ሐኪም መጥራት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ።

የፈረስ አፍንጫ ምን ዓይነት ነው?

የፈረስ የአፍንጫው ጫፍና ከንፈሩ በጣም ለስላሳ ነው። ቆዳው ስስ ነው። ጸጉሩም አጭርና ጥቂት ነው። ታዲያ ፀሐይ፣ ብርድ፣ እሾህና ብረት ቶሎ ይጎዱታል።

ፈረስ ከአፍንጫው ጫፍ በታች ያለውን ነገር በዓይኑ አያይም። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ከአፉ ሥር ያለው ቦታ ይሰወርበታል። ታዲያ ሣሩን ከእሾህ፣ ገብሱን ከጠጠር በምን ይለያል? በላይኛው ከንፈሩና በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጸጉሮች ነው። ለፈረስ እነዚህ ጸጉሮች በጨለማ እንደምንዳስስባቸው ጣቶቻችን ናቸው። አንዳንድ ሰው ለማሳመር ብሎ ይቆርጣቸዋል። ይህ ልክ አይደለም። ጸጉሩ የተቆረጠበት ፈረስ አፉን ከግርግምና ከእሾህ ጋር ያጋጫል።

ሌላም ነገር እንወቅ። ላምና በሬ ሲደክማቸው በአፋቸው ያለከልካሉ። ፈረስ ግን በአፉ መተንፈስ አይችልም። አፍንጫው በቁስል ቅርፊት ወይም በእብጠት ቢደፈን ይታፈናል። ለዚህ ነው የአፍንጫ ቁስል ችላ የማይባለው።

መጀመሪያ መመርመር

ከመንካታችን በፊት ከራቅ ብለን ፈረሱን እንይ። ይበላል? ውሃ ይጠጣል? ጆሮውና ዓይኑ ንቁ ነው? ለሐጩ ይዝረበረባል?

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ፈረሱ ለሐጩ እየተዝረበረበ መዋጥ ካቃተው፣ ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ፣ ሰው ወይም ግንድ የሚነክስ ከሆነ፣ ወይም እየተንገዳገደ ከሄደ፣ እጃችንን ወደ አፉ አናስገባ። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ውሻን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ፈረስም፣ አህያም፣ ላምም ይይዛል። በለሐጭም ወደ ሰው ይተላለፋል። «አጥንት አንቆት ይሆናል» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የከተተ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ይጥላል። እንዲህ ያለውን ፈረስ ለብቻው አስረን ልጆችን እናርቅ። ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም እንንገር። ለሐጩ የቁስላችንን ቦታ ከነካው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እንጠብ። ከዚያ ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። በሽታው በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ሲወሰድ ነው።

ፈረሱ ጤነኛ ጠባይ ካለው ግን ቀረብ ብለን እንመርምረው። በጎኑ እንቁም እንጂ በፊቱ አንቁም። እጃችን ላይ ቁስል ካለ በፕላስቲክ እንሸፍነው። ከዚያ እነዚህን ጥያቄዎች እንጠይቅ፦

ቁስሉ የት ነው? በከንፈሩ ጥግ ነው? በአፍንጫው አጥንት ላይ ነው? ወይስ በአፍንጫው ጫፍ?
አንድ ብቻ ነው ወይስ ብዙ?
ደረቅ ነው ወይስ መግል አለው?
ያሳክከዋል ወይስ ያመዋል?
በሌላ ቦታስ፣ በአንገቱ፣ በደረቱ፣ በእግሩ ላይ አለ?
ሌሎች ፈረሶች፣ አህዮች ወይም የቤት ልጆች ተመሳሳይ ነገር ወጥቶባቸዋል?

መልሱን ያገኘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ጽሕፈት የተማረ ሰው መልሱን በደብተር ቢይዘው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ቀኑንና የቁስሉን መጠን ይጻፍ። «እንደ ባቄላ ያክላል» ወይም «እንደ እንቁላል ያክላል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ቁስሉ እየዳነ ይሁን እየባሰ ይለያል። ሐኪሙም ይህን ሲያይ ሥራው ይቀለዋል።

ልጓምና ገመድ የሚያመጡት ቁስል

በከንፈር ጥግ ላይ በግራና በቀኝ የሚታይ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የልጓም ነው። በአገራችን የቆየው የልጓም ዓይነት የብረት ቀለበት አለው። ቀለበቱ በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ ይገባል። ዛቡ በተሳበ ቁጥር ብረቱ ምላስንና ላንቃን ይጫናል። ቀለበቱም አገጩን ይጨምቃል። እጀ ከባድ ሰው ሲይዘው ቁስል ይሆናል። ቀለበቱ ለፈረሱ ሲጠብ፣ ብረቱ ሲዝግ ወይም ጠርዙ ሲሳል ደግሞ የባሰ ነው።

ልጓምን በጣት መመርመር ቀላል ነው። ጣታችንን በብረቱ ላይ ዙሪያውን እናስኪድ። ጣታችንን ከከረከረው የፈረሱን አፍማ እንዴት አይቆርጠውም? ሻካራውን በሞረድ ማለስለስ ነው። የዛገውን አሸትቶ ማጠብ፣ የተሰበረውን መጣል ነው። በሽቦ የተጠገነ ልጓም ወደ ፈረስ አፍ መግባት የለበትም። በውርጭ ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ስለሚሆን ከመለጎማችን በፊት በእጃችን ወይም በብብታችን እናሙቀው። ከሥራ በኋላም በውሃ እናለቅልቀው። የደረቀ አረፋና የምግብ ፍርፋሪ እንደ ጠጠር ይፍቃል።

የልኩም ነገር አለ። ልጓሙ የከንፈሩን ጥግ ነካ ማድረግ አለበት እንጂ ወደ ላይ ስቦ ማጨማደድ የለበትም። በጣም ከላላ ደግሞ ጥርሱን እየመታ ያስቸግረዋል።

በአፍንጫው አጥንት ላይ የሚታይ ቁስል የገመድ ነው። በተለይ የናይለን ገመድ ቀጭንና ተንሸራታች ስለሆነ ቆዳውን ያቃጥላል። ረጥቦ ሲደርቅ የሚጠብቅ ጠፍርም ከዚያ አይሻልም። ገመዱ ማረፍ ያለበት በጠንካራው አጥንት ላይ ነው። ከዚያ ወርዶ ለስላሳው የአፍንጫ ክፍል ላይ ከዋለ ትንፋሹን ይይዝበታል። በገመዱና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። አጥንቱን በሚነካበት ቦታ ላይ አሮጌ ጨርቅ ወይም የበግ አጎዛ ብንጠቀልልበት ቁስሉ ይቀራል። ለውርንጭላ አንዴ የታሰረ ገመድ እያደገ ሲሄድ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በየሳምንቱ እንፈትሸው፤ ማታም እናውልቅለት።

አንድ ሌላ ነገር እንጨምር። ልጓሙ ደኅና ሆኖ አፉ ውስጥ ቁስል ካለ ጥርሱን መጠርጠር ነው። የፈረስ ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ብቅ ይላል። ሲያኝክ እኩል ካልተፋጨ ጠርዙ እንደ ቢላ ይሳላል፤ ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፈረሱ ያኘከውን ሣር እየጠቀለለ ከአፉ ይጥላል፤ ይከሳልም። ይህን ጥርስ ሐኪም በልዩ ሞረድ ይሞርደዋል። እኛ በቤታችን የብረት ሞረድ አንሞክረው።

ፀሐይ፣ እሾህና ዝናብ

አፍንጫው ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ሁላችንም አይተናል። ከነጩ ጸጉር ሥር ያለው ቆዳ ሮዝ ነው። ጥቁር ቆዳ ፀሐይን ይከላከላል፤ ሮዝ ቆዳ ግን አይችልም። በደጋ አገር ነፋሱ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። አፍንጫው ቀልቶ፣ ተቃጥሎ፣ ተልጦ ቅርፊት ይይዛል። ጥቁሩ ቆዳ ግን ደኅና ነው። ይህን ያየ ሰው ምክንያቱን ለመለየት አይቸገርም።

መድኃኒቱ ጥላ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከዛፍ ሥር ወይም ከዳስ ሥር ይቁም። በማለዳና ወደ ማታ ይጋጥ። ከሐኪም የሚገኝ የዚንክ ቅባት ነጩን ቆዳ እንደ ግርዶሽ ይሸፍነዋል።

ነገር ግን ፀሐዩ ያው የዱሮው ሆኖ፣ የፈረሱ ነጭ ቦታ ሁሉ፣ ግንባሩም እግሩም፣ ድንገት ቢላጥ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው። አንዳንድ ተክሎች ሲበሉ ቆዳው ፀሐይን እንዳይችል ያደርጋሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ጉበትን ይጎዳሉ፤ ጉበት ሲጎዳም ቆዳው እንዲሁ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ፈረሱን ወዲያው ከዚያ ግጦሽ እናውጣው፤ ጥላ ውስጥ እናቁመው፤ ሐኪም እንጥራ። ዓይኑና ድዱ ቢጫ ከሆነ አንድ ቀንም አይቆይ።

እሾህም አለ። ኮሸሽላ፣ የደረቀ ቅርንጫፍና የገብስ ጺም ከንፈርን ይወጋሉ። የገብስ ጺም በመርፌ እንደሚወጋ ነው፤ ድድ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለሐጭና ሽታ ያለው ቁስል ይሆናል። ጭድ ስንሰጥ ጺሙን ማበራየትና መንቀል፣ ወይም ውሃ ነክረን ማለስለስ ይረዳል። የተሰካውን እሾህ በንጹሕ እጅ ቀስ ብለን እናውጣ።

በክረምት ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ፈረሱ ቀንና ሌሊት ረጥቦ ሲውልና ሲያድር፣ በእርጥብ ሣር ውስጥ አፍንጫውን ሲከት፣ ቆዳው ይለሰልሳል። ዓይን የማያየው ተሕዋስ ይገባበታል። ጸጉሩ በአንድነት ተጣብቆ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ ሲነሳ ጸጉሩ አብሮ ይነቀላል፤ ሥሩ እርጥብ ነው። የዚህ ሕክምናው መጀመሪያ ማድረቅ ነው። ደረቅ ማደሪያ ይዘጋጅ። ቅርፊቱን በግድ አንፈልቅቅ፤ ያመዋል። ለብ ባለ የጨው ውሃ አለስልሰን የለቀቀውን ብቻ እናንሳ። የወደቀውን ቅርፊት መሬት ላይ አንተወው፤ እናቃጥለው።

ጭርት፣ እከክና ኪንታሮት

ክብ ሆኖ ጸጉሩን የሚያረግፍ፣ አመዳም ቅርፊት ያለው ነገር ጭርት ነው። የልጆቻችንን ራስ እንደሚይዘው ማለት ነው። በአፍንጫና በልጓም ቦታ ላይ መጀመር ይወዳል፤ ምክንያቱም ልጓምና ገመድ ከአንዱ ፈረስ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ግን እስከዚያ ለሌሎች ፈረሶችም ለሰውም ይጋባል። ስለዚህ ያ ፈረስ የራሱ ልጓም፣ የራሱ ገመድ፣ የራሱ ግላስ ይኑረው። የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ልጆች አያቅፉት።

እከክ ደግሞ በጣም ያሳክከዋል። ፈረሱ አፍንጫውን በግንድና በአጥር ላይ ይፈትጋል፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ይሸበሸባል። በቆዳ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን በደንብ የማይታዩ ነፍሳት ናቸው የሚያመጡት። ለዚህ የሐኪም መድኃኒት ያስፈልጋል። አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካልታከሙ ይመለሳል።

በውርንጭላ ወይም በወጣት ፈረስ አፍንጫ ላይ ትንንሽ፣ ሻካራ፣ ብዙ ኪንታሮት ብቅ ካለ አንደንግጥ። ቫይረስ የሚያመጣው ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ በራሱ ይረግፋል። መቁረጥ፣ በክር ማሰር፣ ማቃጠል አያስፈልግም። ደም ካወጣነው ቁስል ይሆንና ዝንብ ይጠራል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀውም አለ፤ «ይህ የከብቶቹ አፍተ ግር ይሆን?» ይላል። አይደለም። አፍተ ግር ሰኮናቸው የተሰነጠቀ እንስሳትን፣ ላምን፣ በግንና ፍየልን ይይዛል። ፈረስ ሰኮናው ድፍን ነው፤ ይህ በሽታ አይዘውም። ይሁን እንጂ ፈረሱ ከታመሙ ከብቶች መካከል ሲመላለስ በእግሩ ጭቃ በሽታውን ወደ ሌላ በረት ሊያደርስ ይችላል።

ዝንብ ያረፈበት ቁስል

በከንፈር ጥግና በዓይን ጥግ ያለ ትንሽ ቁስል ለሳምንታት አልድን ብሎ፣ ቀይ ሥጋ እያበቀለ፣ እያሳከከ ሲሰፋ ይታያል። ውስጡ እንደ ሩዝ ቅንጣት ያለ ቢጫ ነገር ይገኛል። ይህ የዝንብ ሥራ ነው። ዝንቡ በፋንድያ ውስጥ ያደገ ትል ይሸከምና ቁስሉ ላይ ይጥላል። ትሉ በቁስሉ ውስጥ ሆኖ እንዳይድን ያደርገዋል። ይህ በቅባት ብቻ አይድንም፤ ሐኪሙ የትል መድኃኒት ይሰጠዋል።

ስለዚህ ፋንድያውን በየቀኑ ጠርገን ራቅ አድርገን እንከምር። የተከመረ ፋንድያ ሲብላላ ይግላል፤ ብዙ ትልና እንቁላል በሙቀቱ ይሞታል። ኋላም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ማለት ይህ ነው።

እንደ መቁጠሪያ የሚደረደር እባጭ

ከሁሉ ይበልጥ ልናውቀው የሚገባን በሽታ ይህ ነው። መጀመሪያ ትንሽ እባጭ ይወጣል። በአፍንጫ፣ በከንፈር፣ በአንገት፣ በደረት ወይም በእግር ላይ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በቆዳው ሥር ባለው ሥር ላይ አንዱ ከሌላው አጠገብ እየተሰለፈ እንደ መቁጠሪያ ይደረደራል። እባጮቹ ይፈነዳሉ፤ ወፍራም መግል ያወጣሉ። ፈረሱ ይከሳል፤ ያነክሳል፤ በመጨረሻም ለሥራ አይሆንም። በየከተማው መንገድ ዳር ተጥለው የሚታዩ ብዙ የጋሪ ፈረሶች በዚህ የተመቱ ናቸው።

በሽታውን የሚያመጣው የሻጋታ ዘመድ የሆነ ተሕዋስ ነው። የሚገባው በተቆረጠ ወይም በተፋቀ ቆዳ ነው። ልብ በሉ! ልጓም የፋቀው ትንሽ ቁስል ለዚህ በሽታ የተከፈተ በር ነው። የሚያስተላልፉት በጋራ የምንጠቀምባቸው ልጓም፣ ገመድና ግላስ፣ እንዲሁም ከመግሉ ላይ የሚነሱ ዝንቦች ናቸው።

በዚህ በሽታ ላይ ሦስት ነገሮች እናስታውስ። አንደኛ፣ ገና አንድ ሁለት እባጭ ሳለ ቢታይ ሐኪም የሚያድንበት ዕድል አለው፤ ከተደረደረ በኋላ በጣም ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ከገበያ ገዝተን የምንወጋው ቴራማይሲን የሻጋታን ዘመድ አይገድልም፤ ገንዘባችንን ይበላል፤ ጊዜያችንንም ይወስዳል። ሦስተኛ፣ የታመመው ፈረስ ለብቻው ይታሰር። የተጠቀምንበት ጨርቅ ይቃጠል። ፈረሱን ሸጦ መገላገል ግን በሽታውን ለሌላ ቤተሰብ መሸጥ ነው።

በቤት ምን እናድርግ?

ቀላል ቁስል፣ ማለት የልጓም፣ የገመድ ወይም የእሾህ ቁስል፣ በቤት ይታከማል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ቁስሉን ያመጣውን ነገር ማንሳት። ልጓሙን ሳናወልቅ ቁስል ማከም በሚያፈስ ቤት ውስጥ ወለል እንደ ማድረቅ ነው።

2. አንድ ሊትር ውሃ አፍልተን ማቀዝቀዝ። ለብ ሲል ሁለት ልክ የሻይ ማንኪያ ጨው መጨመር። ማንኪያው ከአፉ ያልተከመረ ይሁን። ጨው ከበዛ ያቃጥለዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ አያስነካንም።

3. እጃችንን በሳሙና መታጠብ።

4. በንጹሕ ጨርቅ እየነከርን፣ ከቁስሉ መካከል ወደ ውጭ ማጠብ። አንዴ ያቆሸሸውን ጨርቅ ወደ ውሃው አንመልሰው። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል።

5. በአየር ማድረቅ። አፍንጫን በጨርቅ መጠቅለል አያስፈልግም፤ ትንፋሹን ይይዛል። ቁስሉ ደርቆ የሚሰነጠቅ ከሆነ ስስ ቫዝሊን መቀባት።

6. ለስላሳ ሣርና ንጹሕ ውሃ ማቅረብ። ውሃውን ለብቻው በባልዲ እንስጠው። ከንፈሩ ሲያመው መጠጣት ይቀንሳል፤ ፈረስ ውሃ ከቀነሰ ደግሞ ሆዱ ይደርቅና የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል።

የማይደረግ ነገር

ቁስል ላይ ፋንድያ፣ እበት፣ አመድ ወይም አፈር አናድርግ። በአፈርና በፋንድያ ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ ይኖራል። ፈረስ ለዚህ በሽታ ከእንስሳት ሁሉ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ መንጋጋው ይቆለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይሞታል።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ነጭ ጋዝ፣ የባትሪ ውሃና የተባይ መርዝ አናፍስበት። ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ፈረሱም ከንፈሩን ሲልስ ይውጠዋል። በጋለ ብረት መተኮስም ቁስልን አያድንም። በአንድ ቁስል ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል እንጂ።

ይረፍ ወይስ ይሥራ?

እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። «ቅዳሜ ገበያ ነው። እህሉ ካልተሸጠ ዕዳው አይከፈልም። እንዴት ፈረሱን አሳርፋለሁ?» የሚል ሰው አለ። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ እኛም «ዝም ብለህ አሳርፍ» ብለን አናልፈውም። ይልቅ አብረን እናስላው።

ፈረሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ገበያ ይሄዳል እንበል። የልጓም ቁስል ልጓሙ ከወለቀ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይድናል። ሦስት ሳምንት ቢያርፍ 6 ጉዞ ይቀርብናል። ሳያርፍ ብንለጉመው ግን ቁስሉ በየጉዞው ይታደሳል። ዝንብ ይጨመርበታል። መብላት ይቀንሳል። ሦስት ወር ከሥራ ቢወጣ 24 ጉዞ ያህል ይቀራል። ፈረሱ ከሞተ ደግሞ ሁሉም ጉዞ ይቀራል፤ ሌላ ፈረስ መግዣም ያስፈልጋል። የትኛው ይበልጣል? 6ቱ ነው ወይስ 24ቱ?

መካከለኛ መንገድም አለ። ቁስሉ በከንፈር ጥግ ብቻ ከሆነና ፈረሱ ገራም ከሆነ፣ ጨዋ ሰው ከፊት እየመራው ያለ ልጓም ቀላል ሸክም ሊሸከም ይችላል። ገመዱ በአጥንቱ ላይ በአጎዛ ተሸፍኖ ይሁን፤ ቁስሉን አይንካ። ጎረቤት ደግሞ ለምን ተፈጠረ? ደቦ ለአጨዳ እንደሚሆነው ሁሉ ለጭነትም ይሆናል። ዛሬ የእኔ ፈረስ ሲታመም የእናንተ ይጭናል፤ ነገ የእናንተ ሲታመም የእኔ። ብቻ ልጓም አንዋዋስ። ፈረስ እንጂ ልጓም አይዋስም።

ሐኪም መቼ ይጠራ?

ቀጥሎ ካሉት አንዱ ከታየ ወደ ቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ወደ ወረዳው ክሊኒክ እንሂድ፦

ፈረሱ መብላት ወይም መጠጣት ካቆመ፤
ትንፋሹ ከተቸገረ፣ ወይም ከአፍንጫው መግል ወይም ደም ከወጣ፤
እባጮች ከተደረደሩ፤
ከአንድ ፈረስ በላይ ከታመመ፤
ሰውነቱ ከደረቀ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ፤
ታጥቦ ታርፎ በሁለት ሳምንት ካልተሻለው።

ስንሄድ በደብተር የጻፍነውን ይዘን እንሂድ። መቼ ጀመረ፣ የት ወጣ፣ ምን አደረግንበት የሚለውን ሳንደብቅ እንናገር። ሽቦ የበዛበት ልጓማችንም አብሮን ይሂድ፤ ሐኪሙ ይየው።

እነሆ፣ የፈረስን አፍ በየማታው ማየት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይወስድም። ልጓሙን ስናወልቅ ከንፈሩን ገለጥ፣ አፍንጫውን ዳሰስ ማድረግ ነው። ቁስል ትንሽ ሳለ የጨው ውሃ ይበቃዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ፈረስ በአፉ መተንፈስ ይችላል? የአፍንጫ ገመድ የት ላይ ማረፍ አለበት?
2. ለአንድ ሊትር ውሃ ስንት የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል? ለሁለት ሊትርስ?
3. ፋንድያ ቁስል ላይ ለምን አይደረግም?
4. ለሐጩ የሚዝረበረብና ጠባዩ የተለወጠ ፈረስ ብናይ መጀመሪያ ምን እናደርጋለን?
5. በመንደራችሁ ልጓም የሚዋዋሱ አሉ? ይህን ለማስቀረት ምን ብትስማሙ ይሻላል?